ከአገር ቤት ባንክ ወደ ውጭ አገር ሒሳብ ገንዘብ ስለ መላክ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተደረገው ንግግር)



ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት እንድናገር ሲወስን፣ «ይህ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም ወይ? ለዕድር ምን ይፈይዳል?» ያሉ አባሎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ድሮ ከባንክ ወደ ውጭ ገንዘብ የሚልከው አስመጪ ነበር፤ ቢበዛ ደግሞ ልጁን ባሕር ማዶ የሚያስተምር ባለጸጋ። ዛሬ ግን በየመንደራችን ለኩላሊት፣ ለልብ፣ ለካንሰር ሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ እንዲሄድ በሐኪም የተነገረው ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ሲቸገር የሚያዋጣው ማነው? እኛው ነን። ደብተሩ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ያለው ሺህ፣ የሌለው መቶ ብር ይጽፋል፣ ገንዘቡ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ «ብሩስ አለ፣ እንዴት ብሎ ይሂድ?» ላይ ስንደርስ ሁላችንም እንቆማለን። ደላላ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እኔም የምናገረው ስለ በሽተኛው ገንዘብ ነው፤ የነጋዴውን የኤል.ሲ. ጉዳይ ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንረዳ። ገንዘብ ወደ ውጭ «ተላከ» ሲባል፣ ብሩ ተጭኖ የሚሄድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይሄድም። ብራችን እዚሁ ይቀራል፤ የሚሄደው ቃል ነው። የአገራችን ባንክ በኒው ዮርክ ወይም በፍራንክፈርት ካለ ሌላ ባንክ ዘንድ በዶላር ወይም በዩሮ የተከፈተ የራሱ ሒሳብ አለው። የባንክ ሰዎች ይህን ሒሳብ «ኖስትሮ» ይሉታል፤ በጣሊያንኛ «የእኛ» ማለት ነው። እርስዎ ብሩን እዚህ ሲከፍሉ፣ ባንኩ እዚያ ላለው ባልደረባው «ከሒሳቤ ላይ ይህን ያህል ዶላር ቀንሰህ ለእገሌ ሆስፒታል ባንክ ክፈልልኝ» ብሎ መልእክት ይሰዳል። የመርካቶ ነጋዴ ድሬዳዋ ላለው ዘመዱ «በእጅህ ካለው ገንዘቤ ላይ ለእገሌ ስጥልኝ» ብሎ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ያ መልእክት ድሮ በደብዳቤ፣ ቀጥሎም በቴሌግራምና በቴሌክስ ይሄድ ነበር። ነጋዴዎቻችን እስከ ዛሬ «ቲ.ቲ.» የሚሉት በቴሌግራፍ የሚላክ ሐዋላ ከሚለው የእንግሊዝኛ አጠራር የቀረ ነው። አሁን የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ስዊፍት በሚባለው መሥመር ነው። ስዊፍት የዛሬ አምሳ ዓመት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ቤልጅግ ውስጥ በባንኮች ማኅበርነት የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ ገንዘብ አይዝም፣ ገንዘብም አያጓጉዝም፤ የባንኮች መልእክተኛ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ከተረዳን፣ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነገር ግልጽ ይሆናል። «ሒሳቤ ውስጥ ብር ሞልቶ እያለ ባንኩ የለም አለኝ!» ይባላል። ባንኩ የለም ያለው ብሩን አይደለም፤ እዚያ ማዶ ባለው ሒሳቡ ውስጥ ዶላር የለም ማለቱ ነው። ያ ዶላር ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ቡናው፣ ወርቁ፣ አበባው ሲሸጥ፣ አየር መንገዱ መንገደኛ ሲያጓጉዝ፣ ልጆቻችን ከውጭ ሲልኩ የሚገባ ነው። በዚያው ዶላር ነዳጅ ይገዛል፣ ማዳበሪያ ይገዛል፣ መድኃኒት ይገዛል። ገንዘብ ወደ አገር ሲገባ እሰየው ተብሎ፣ ሲወጣ ግን «ለምን? ለማን? ማስረጃህ የት አለ?» የሚባለው ስለዚህ ነው። ሰው በቆጣሪው ፊት ቆሞ በጸሐፊዋ ላይ ሲጮኽ አያለሁ፤ እርሷ ምን ታድርግ?

ስለ ምንዛሪ ዋጋም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሰበሰብነው ገንዘብ በእጃችን ላይ እያለ ሊያንስብን ይችላል። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፋነው አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም የነበረበትን ዘመን እናስታውሳለን። ያ ዋጋ ለሃያ ዓመት ያህል ሳይነቃነቅ ቆይቶ፣ በመስከረም ወር 1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየወጣ መጣ፤ በመስከረም መጨረሻ 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ዝቅ አደረገው። ትልቁ ለውጥ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የመጣው ነው። በዚያ ቀን የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ይህ በበሽተኛ ላይ ምን እንዳደረገ በቁጥር ልናገር። ሆስፒታሉ 6,000 ዶላር ጠይቋል እንበል። በሐምሌ መጀመሪያ 342,000 ብር ይበቃው ነበር። በነሐሴ 600,000 ብርም አልበቃውም። ወዳጅ ዘመድ ተሯሩጦ «ሞላ፣ ተመስገን!» ያለው ገንዘብ በአንድ ጊዜ እንደገና ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ ለሕክምና ስናዋጣ ሒሳቡን መያዝ የሚገባን ሆስፒታሉ በጠየቀው ገንዘብ ነው። «400,000 ብር ደርሷል» ከማለት «ዛሬ ባለው ምንዛሪ ይህን ያህል ዶላር ይሆናል» ተብሎ በየሳምንቱ ቢነገር፣ ሰውም የጎደለውን ያውቃል። መዋጮውም ለሦስት ወር መጎተት የለበትም።

ከዚያ ለውጥ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። የአንዱ ባንክ መሸጫ ከሌላው በአንድ ዶላር 2 ብር ቢበልጥ፣ በ6,000 ዶላር ላይ 12,000 ብር ነው። ከዋጋው በላይ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ አለ። አንዱ በምንዛሪው ረከስ ብሎ በአገልግሎት ክፍያው ሊያካክሰው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ዶላር ስንት ነው?» መሆን የለበትም። «ይህ 6,000 ዶላር ሆስፒታሉ እጅ እስኪገባ ጠቅላላ ስንት ብር ያስወጣኛል?» ብሎ ቢያንስ ሁለት ሦስት ባንክ መጠየቅ ነው። ጥያቄ አያስከፍልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ፤ ሰው የሚጉላላው ከዶላሩ እኩል በወረቀቱ ነውና። ለሕክምና ሲሆን ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሕክምናው በአገር ውስጥ እንደማይገኝ ወይም በሽተኛው ወደ ውጭ መሄድ እንዳለበት የሚገልጽ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው የውጭው ሆስፒታል የሚልከው የዋጋ ማስታወቂያ፣ ማለትም ፕሮፎርማው ነው። ከእነዚህ ጋር ፓስፖርቱ፤ ላኪው በሽተኛው ራሱ ካልሆነም ዝምድናውን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ቦርዱ የሚሰበሰብበት ቀን ስላለው፣ ሐኪሙ «ወደ ውጭ» የሚለውን ቃል በተናገረበት ቀን ደብዳቤውን መጀመር ነው እንጂ፣ ገንዘቡ እስኪሞላ መጠበቅ አይገባም። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ይሂዱ። የብሔራዊ ባንክ መመሪያም በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ አምና ለጎረቤት የሠራው አሠራር ዘንድሮም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ባንኩን መጠየቅ ነው።

በስም ላይ የሚደርሰው ጣጣ የኢትዮጵያውያን ልዩ ጣጣ ነው። እኛ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንጽፋለን። የውጭ ሆስፒታል የመጨረሻውን የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ይይዘዋል። እናት በአያትዋ ስም፣ አስታማሚ ልጅዋ በአባትዋ አባት ስም ተመዝግበው «ዘመዳሞች አይደላችሁም» ሊባሉ ይችላሉ። ደግሞ «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። ስለዚህ በፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥ፣ በቦርዱ ደብዳቤ፣ በፕሮፎርማውና በባንኩ ማመልከቻ ላይ ይግባ።

ቀጥሎ የተቀባዩ ሒሳብ ነው። ከሆስፒታሉ በጽሑፍ መቀበል የሚገባን የሒሳቡን ባለቤት ሙሉ ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የባንኩን ስምና የቅርንጫፉን አድራሻ፣ እንዲሁም የስዊፍት መለያውን ነው። የስዊፍት መለያ 8 ወይም 11 ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የባንኩ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ የአገሩ፣ ሌሎቹ ሁለቱ የቦታው ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ካሉ የቅርንጫፉ ናቸው። የአገሩ ፊደሎች ከሚሄድበት አገር ጋር ካልተስማሙ ቆም ብሎ መጠየቅ ነው። ሆስፒታሉ ሕንድ ሆኖ የባንኩ አገር ሌላ ከሆነ፣ ምን ማለት ነው?

በአውሮፓና በአንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ደግሞ «አይባን» የሚባል ረዥም የሒሳብ ቁጥር አለ። የጀርመንና የእንግሊዝ 22፣ የእስራኤልና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 23፣ የቱርክ 26፣ የጣሊያን 27 ምልክት ነው። ከአገሩ ፊደሎች ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች መቆጣጠሪያ ናቸው፤ አንድ ቁጥር በስሕተት ቢቀያየር ስሌቱ አልገጥም ስለሚል ባንኩ ወዲያው ያውቀዋል። በሕንድ፣ በታይላንድና በአሜሪካ ግን አይባን የለም። አሜሪካ ለሚላክ የባንኩ ባለ 9 አኃዝ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፤ ሕንድ ደግሞ 11 ምልክት ያለው የአገር ውስጥ የቅርንጫፍ መለያ አላት። ባንክ ቤት ያለው ሠራተኛ «አይባን አምጡ» ቢል፣ «ሕንድ አይባን የላትም» ማለት መብታችን ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ አዲስ ነው፤ አይፈረድበትም።

ወጪውን ማን እንደሚከፍል የሚጠይቅ ሣጥን ማመልከቻው ላይ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል። ሦስት ምርጫ ነው፤ ሁሉንም ላኪው ይክፈል፣ ወይም ላኪና ተቀባይ ይካፈሉ፣ ወይም ሁሉንም ተቀባዩ ይክፈል። መልእክቱ በመንገድ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ባንክ ስለሚያልፍ፣ እያንዳንዱ የድካሙን ሊቆርጥ ይችላል። «እንካፈል» የሚለውን ከመረጥን፣ 6,000 ዶላር ልከን 5,975 ሊደርስ ይችላል። ለነጋዴ 25 ዶላር ምንም አይደለም። ለበሽተኛ ግን የሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል «አልሞላም» ብሎ ቀጠሮውን ቢያስተላልፍበት፣ ያቺን 25 ዶላር ለመላክ እንደገና መሰለፍ ነው። ስለዚህ ለሆስፒታል ሲሆን ላኪው ሁሉንም ቢከፍል ይሻላል ባይ ነኝ።

ጊዜም ይታሰብ። መልእክቱ በደቂቃ ይደርሳል፤ ገንዘቡ ግን በየመንገዱ ስለሚመረመር ቀናት ሊወስድ ይችላል። ቅዳሜና እሑድ አውሮፓና አሜሪካ አይሠሩም፤ በእስራኤል ቅዳሜ፣ በሳዑዲ ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ሲመጣ የእኛ ባንክ ክፍት ቢሆንም የእነርሱ ዝግ ነው፤ በእኛ ገና ደግሞ በተቃራኒው። ከላኩ በኋላ ባንኩን የመልእክቱን ቅጂ መጠየቅ ነው። ቅጂው ላይ ረዥም የመከታተያ ቁጥር አለ፤ ገንዘቡ የት እንደ ቆመ የሚፈለገው በዚያ ነው። ቅጂውን ለሆስፒታሉ ብንልክላቸውም እነርሱም ከወዲያ በኩል ይከታተላሉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የሌቦች ዘዴ ሳልናገር አላልፍም። ከሆስፒታሉ ጋር በኢሜይል ስንጻጻፍ ቆይተን፣ ልንከፍል ስንል «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ በዚህ አዲስ ቁጥር ላኩ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ማኅተሙም፣ አርማውም የሆስፒታሉ ይመስላል። የላከው ግን ሌባ ነው። አይባኑ ላይ ያለው መቆጣጠሪያም አያድነንም፤ የሌባውም ሒሳብ ትክክለኛ ቁጥር አለውና! እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ከቀድሞው ወረቀት ወይም ከሆስፒታሉ ማስታወቂያ በተገኘው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ተቀባዩ ሒሳብ ከገባ በኋላ፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ወደ ደላላው እንምጣ። ደላላው የሚለው ቀላል ነው፦ «ብሩን እዚህ ስጠኝ፣ ሰውዬ እዚያ በዶላር ይከፍልልሃል። ወረቀት የለ፣ ወረፋ የለ።» ሰው ሲጨንቀው ይህ ቃል ይጣፍጣል፤ እኔም የሚሄዱበትን ሰዎች አልሰድብም። ነገር ግን ይህ በሕግ የተከለከለ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ደረሰኝ የለውም። ደላላው ቢክድ፣ ወይም ቢታሰር፣ ማን ዘንድ ይከሰሳል? ሦስተኛው ደግሞ የማይታየው ነው። እዚያ ሆስፒታሉን የሚከፍለው፣ በሽተኛውን የማያውቀው ሰው ነው። ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ አናውቅም። የውጭ ባንኮች የማይታወቅ ሰው ገንዘብ ሲያዩ ያግዳሉ፤ ሆስፒታሉም «ከፋዩ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። በሽተኛው አልጋ ላይ ተኝቶ ምን ይመልስ? እኛም ያዋጣነውን ገንዘብ በዕድሩ መዝገብ ላይ «ለደላላ ተሰጠ» ብለን ልንጽፍ ነው? ኦዲተሩስ ምን ይላል?

ሕጋዊ የሆነና ብዙ ሰው ያላወቀው አንድ መንገድ አለ። ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎች በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት እንዲችሉ፣ ከዚያም ሒሳብ ለውጭ አገር አገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ልጅዋ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚልክላት እናት፣ የሚመጣውን ሁሉ ወዲያው ወደ ብር ከመለወጥ፣ ከፊሉን በዶላር ብታስቀምጥ፣ ለሕክምና ሲያስፈልግ ወረፋ ሳትጠብቅ ልትጠቀምበት ትችላለች። ልጁ ውጭ ያለ ቤተ ሰብም፣ ልጁ ከሚኖርበት አገር በቀጥታ ለሆስፒታሉ ቢከፍል፣ ገንዘቡ ወደዚህ መጥቶ እንደገና ለመውጣት አይንከራተትም። ይህ ሲሆን ግን የልጁ የራሱ እርዳታ መሆን አለበት። «አንተ እዚያ ክፈል፣ እኛ እዚህ ለእገሌ ብር እንሰጣለን» ከተባለ፣ ያው የደላላው መንገድ ሆነ።

ለአስታማሚው የኪስ ገንዘብ፣ በፓስፖርቱ፣ በቪዛውና በቲኬቱ ባንኩ በመመሪያው ልክ ይሰጣል። ከባንኩ የተሰጠው ወረቀት ከገንዘቡ አይለይ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጠየቃል። ሆስፒታሉም ከተከፈለው የሚተርፍ ሲኖር በምን መንገድ እንደሚመልስ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ።

የመጨረሻው ነገር ለመናገር የሚከብድ ነው፤ ግን ዕድር ነንና እንናገረው። በሽተኛው እዚያው ሊያርፍ ይችላል። አስከሬን ለማምጣት የሞት ምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ እንዳይበላሽ መድኃኒት የተደረገለት ስለ መሆኑ ማስረጃ፣ የኤምባሲ ወረቀት፣ የታሸገ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ሁሉም ገንዘብ ነው። እንግዲህ ያዋጣነው ሁሉ በበሽተኛው ስም በተከፈተ ሒሳብ ውስጥ ከገባ፣ ባንኩ መሞቱን ሲያውቅ ሒሳቡን ያቆማል። ወራሾች የፍርድ ቤት ማስረጃ እስኪያመጡ አንድ ብር አይወጣም። ገንዘቡ እያለ አስከሬኑ ባዕድ አገር ይቆያል ማለት ነው። ስለዚህ በበሽተኛው ሒሳብ የሚገባው ሆስፒታሉ የጠየቀው ብቻ ቢሆንና፣ የቀረው በዕድሩ ሒሳብ፣ በዳኛውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ቢቆይ፣ ለዚህ ክፉ ቀን ይደርሳል። በሽተኛው ድኖ ሲመለስ ደግሞ ይሰጠዋል፤ ለመድኃኒት መግዣ ይሆነዋል።

ይህን በተመለከተ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ለኮሚቴው ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ትነጋገሩበታላችሁ። እስከዚያ ድረስ፣ ለሕክምና ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበ አባል ቢኖር፣ የሚያስፈልጉትን ወረቀቶች የጻፍኩበት አንድ ቅጠል ከጸሐፊው ዘንድ አለ። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ዕድሩ ቤት ቢመጡ፣ ማመልከቻውን አብረን እንሞላለን። ፓስፖርቱን ግን ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን የምንገለብጠው ከእርሱ ነው።